ከባሕር የሚወጣ መብራት ባሕሩን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?



በቅርስ ትምህርት ክፍላችን እያንዳንዳችን አንድ ርእስ መርጠን በአማርኛ እንድንጽፍ ተነግሮን ነበር። ጓደኞቼ ስለ ሠርግ፣ ስለ ሸክላ ሥራ፣ ስለ ሱዳን ጉዞ ጻፉ። እኔ ስለ ባሕር መጻፍ እፈልጋለሁ ስል ብዙ ሰው ሳቀብኝ። "ፒስጋት ዘኤቭ ተቀምጠሽ ምን የባሕር ነገር አሳሰበሽ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከሰፈራችን መስኮት ወደ ምሥራቅ የሚታየው ምድረ በዳው ነው እንጂ ባሕር አይደለም። ቢሆንም ኢየሩሳሌም የራሷ ትልቅ የኃይል ማመንጫ የላትም። የአገሪቱ ትልልቅ ማመንጫዎች ለብዙ ዓመታት የተሠሩት በባሕር ዳር፣ በሐዴራ፣ በአሽዶድ፣ በአሽቀሎን ነው። አሁን አብዛኛውን መብራት የሚያመነጨው ጋዝም የሚወጣው ከባሕር ወለል በታች ነው። ስለዚህ ማታ መብራት ስናበራ፣ ባናየውም፣ ከባሕሩ ጋር ጉዳይ አለን።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ከአያቴ ጋር ወደ ያፎ ወደብ በሄድን ጊዜ ነው። (ክረምት ስል የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው።) ያፎ በመጽሐፍ ኢዮጴ የተባለችው፣ ነቢዩ ዮናስ ወደ ተርሴስ ሊኮበልል መርከብ የተሳፈረባት ከተማ ናት፤ አያቴም የሚያውቋት በዚሁ ነው። ማዕበሉን ለመከላከል በተሠራው የወደቡ ግንብ ላይ፣ ትልልቅ ማንኪያ የሚመስሉ ነገሮች በብረት ክንድ ተይዘው ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ ሲሉ አየን። ከማዕበል መብራት የሚያወጡ መሆናቸውን በዕብራይስጥ ያነበብኩትን ተርጉሜ ነገርኳቸው። አያቴ ጥቂት ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፣ "ጉልበቱን ከወሰዱበት ውኃው ምን ይሆናል? አሣውስ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት የዚያን ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው። እናቴ አማርኛዬን አርማልኛለች። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ማዕበል ሲመጣ ተንሳፋፊውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ሲያልፍ ተንሳፋፊው ይወርዳል። በክንዱ ላይ የተገጠመ ፒስተን አለ። ክንዱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ፒስተኑ ዘይት መሰል ፈሳሽ በቧንቧ እየገፋ ወደ ምድር ይልካል። ፈሳሹ በጋን ውስጥ ተጨቁኖ ይጠራቀማል፤ ግፊቱ ሲበቃ ሞተር ያዞራል፤ ሞተሩ ደግሞ መብራት የሚያመነጨውን ጄኔሬተር ያዞራል። ፈሳሹ ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል፤ እንደገና ይገፋል። ማዕበሉ ከመጠን በላይ ሲበረታ ተንሳፋፊዎቹ ከውኃው በላይ ተነሥተው እስኪረጋ ይጠብቃሉ። እንደ ጠላ ጋን ሁሉ ዋናዎቹ ዕቃዎች ደረቅ መሬት ላይ ናቸው፤ ውኃውን የሚነካው ተንሳፋፊው ብቻ ነው።

ይህን የሠራው በ2011 በቴል አቪቭ የተቋቋመው ኢኮ ዌቭ ፓወር የተባለ ድርጅት ነው። ከዚህ በፊት በ2016 በጅብራልታር ተመሳሳይ ሠርቶ ነበር። የያፎውን የሠራው ከፈረንሳዩ የኢዲኤፍ ድርጅት የእስራኤል ቅርንጫፍ ጋርና በኢነርጂ ሚኒስቴር ድጋፍ ነው። በ2023 ከአገሪቱ የመብራት መስመር ጋር ተገናኘ፤ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ በይፋ ተመረቀ። አሥር ተንሳፋፊዎች አሉት፤ አቅሙ 100 ኪሎዋት ነው። ይህ ምን ያህል ነው? ቡና የምናፈላበት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ሁለት ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። እንግዲህ የያፎው መሣሪያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሃምሳ ማንቆርቆሪያ በአንድ ጊዜ ያፈላል ማለት ነው። የኛ ሕንፃ ብቻውን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከዚህ ብዙም ያነሰ አይወስድም ብዬ እገምታለሁ! የሐዴራው ማመንጫ በአንድ ወቅት ከ2,500 ሜጋዋት በላይ አቅም ነበረው፤ ይህም የያፎውን ሃያ አምስት ሺህ ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ የያፎው ገና ሙከራ ነው። ሙከራ መሆኑ ግን ለአያቴ ጥያቄ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ሳለ ነውና መመርመር ያለበት።

ባሕር መብራት የሚሰጥባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። አንዱ ማዕበል ነው። ሌላው በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሣ ባሕሩ በየቀኑ ወደ ምድር ሲሞላና ወደ ኋላ ሲሸሽ ያለው ኃይል ነው። በኛ በኩል ያለው የሜዲትራኒያን ባሕር የሚሞላውና የሚሸሸው ከግማሽ ሜትር ባነሰ ልክ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። በፈረንሳይ፣ በካናዳና በኮርያ ግን ባሕሩ ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ይመጣል። ከማዕበል መሣሪያዎች ይልቅ ረጅም ዘመን የሠሩት የዚያ ዓይነቶቹ ስለሆኑ፣ ባሕር ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ለመማር መጀመሪያ ወደ እነሱ መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ግን የተጽዕኖ ግምገማ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳ። መጀመሪያ ሳስበው ባለሙያዎች መጥተው ባሕሩን አይተው "ይጎዳል" ወይም "አይጎዳም" የሚሉ መስሎኝ ነበር። እንዲህ አይደለም። ገበሬ የሆኑት ሽማግሌዎች ይህን ከኔ የበለጠ ያውቁታል። አንድ ሰው ማሳው ላይ ፍግ ቢበትንና በዚያ ዓመት ጤፉ ቢያምር፣ ያማረው በፍጉ ነው ወይስ ዝናቡ ጥሩ ስለሆነ? ይህን ለማወቅ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ ፍግ ሳይበትን በፊት ማሳው ስንት ይሰጥ እንደነበር ማወቅ፤ ሁለተኛ፣ አጠገቡ ፍግ ያልተበተነበት አንድ ቁራጭ መሬት መተው። በባሕርም እንዲሁ ነው። መሣሪያው ከመተከሉ በፊት አሣው፣ አሸዋው፣ ድምፁ፣ የውኃው ጥራት ይለካል። ከዚያም መሣሪያው በተተከለበትና በሌላ ተመሳሳይ ሆኖ ምንም ባልተተከለበት ቦታ ለዓመታት እየተለካ ይነጻጸራል። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ይህ በተለይ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ባሕሩ በራሱ እየተለወጠ ነው። ውኃው እየሞቀ ነው፤ የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህም በመቶዎች የሚቆጠሩ የባዕድ ዓይነት እንስሳትና ተክሎች ወደዚህ ገብተዋል፤ ብዙዎቹ የመጡት ከቀይ ባሕር በዚያው ቦይ በኩል ነው። ነገ በያፎ ግንብ ሥር አንድ የአሣ ዓይነት ቢጠፋ፣ ያጠፋው ተንሳፋፊው ነው ወይስ ከቀይ ባሕር የመጣው እንግዳ? የበፊቱን የጻፈ ሰው ከሌለ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ "ከምን ጋር ሲነጻጸር?" የሚለው ነው። ባሕሩ አሁንም ቢሆን ለመብራት ሲባል ያልተነካ አይደለም። የሐዴራው ማመንጫ መሣሪያዎቹን ለማቀዝቀዝ የባሕር ውኃ ይስባል፤ ውኃው ሞቆ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ይህ የሞቀ ውኃ ክረምት በመጣ ቁጥር ሻርኮችን ወደ ባሕር ዳር ይሰበስባል። ከሐይፋ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ምልክት እያሰሩባቸው ይከታተሏቸዋል። ሻርኮቹ በዓለም ላይ ቁጥራቸው የቀነሰ ዓይነቶች ስለሆኑ ለነሱ ሙቁ ውኃ እንደ መጠለያ ነው። ሰው ግን ሊያያቸው እየመጣ አብሯቸው መዋኘት ጀመረ፤ በሚያዝያ 2025 አንድ ዋናተኛ በዚያው በሐዴራ ባሕር ዳር በሻርክ ተነክሶ ሞተ። ማመንጫውን የነደፉት ሰዎች ሻርክ እንሰበስባለን ብለው አላሰቡም። ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ሰውን ለማስፈራራት አይደለም፤ የለውጥ መንገድ ከታሰበው በኩል ብቻ እንደማይመጣ ስለሚያሳይ ነው።

አሁን ወደ ፈረንሳይ እንሂድ። በብሪታኒ አገር ራንስ የተባለ ወንዝ ወደ ባሕር ይገባል። ባሕሩ እዚያ በጣም ከፍ ብሎ ስለሚሞላ ፈረንሳዮች የወንዙን አፍ በግድብ ዘግተው በ1966 ሃያ አራት ተርባይኖች ያሉት 240 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አስመረቁ። ጣቢያው እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የሚያጨሰውም ጭስ የለም። ነገር ግን ግድቡን በደረቅ ቦታ ለመሥራት ሲሉ የወንዙን አፍ ለሦስት ዓመት ያህል ከባሕሩ ፈጽመው ለዩት። በዚያ ጊዜ ውስጥ በጨው ውኃ ይኖር የነበረው ሕይወት አብዛኛው አለቀ። ግድቡ ተከፍቶ ባሕሩ እንደገና መግባት ሲጀምር ሕይወት ተመለሰ፤ እስኪረጋጋ ግን አሥር ዓመት ያህል ፈጀ፤ የተመለሱትም ሁሉ የበፊቶቹ አልነበሩም። ደለልም እየተከማቸ አስቸገረ። ትልቁን ጉዳት ያደረሰው እንግዲህ ተርባይኑ ሳይሆን የአሠራሩ ዘዴ ነው። በኮርያ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሺህዋ የተባለ ሐይቅ በ1990ዎቹ በግንብ ከባሕር ተለይቶ በፋብሪካ ቆሻሻ ተበክሎ ነበር። በ2011 በግንቡ ላይ 254 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሲከፈት የባሕር ውኃ እየገባና እየወጣ ሐይቁን አጠራው። አንድ ዓይነት ሥራ በአንዱ ቦታ ገዳይ፣ በሌላው ሐኪም ሆነ። በካናዳ አናፖሊስ ሮያል በ1984 የተከፈተው ጣቢያ ደግሞ በተርባይኑ የሚያልፉ አሣዎችን ይገድላል የሚል ጥያቄ ሲከተለው ኖሮ በ2019 ሥራ አቁሟል።

ከሁሉ የበለጠ ያስገረመኝ ግን የሰሜን አየርላንዱ ነው። ስትራንግፎርድ በተባለ ጠባብ የባሕር መግቢያ ላይ በ2008 ሲጄን የተባለ፣ ሁለት ትልልቅ መዘውሮች ያሉት ተርባይን በውኃ ውስጥ ተተከለ። አቅሙ 1.2 ሜጋዋት ነበር። በዚያ መግቢያ ሲል የሚባሉ የባሕር አጥቢ እንስሳት ይመላለሳሉ፤ ፊታቸው ውሻ ይመስላል፤ ቦታው በሕግ የተጠበቀው በከፊል ለነሱ ሲባል ነው። ስለዚህ ፈቃድ የተሰጠው በአንድ ግዴታ ነው፦ ሲል ወደ መዘውሩ ሲቀርብ ተርባይኑ ወዲያው ይቆማል። መጀመሪያ ላይ ሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ኋላ በውኃ ውስጥ በድምፅ የሚያይ ሶናር የተባለ መሣሪያ ተካው። ለዓመታት ተቆጠረ፣ ተመዘገበ። ሲሎቹ መግቢያውን አልተዉትም፤ ከመዘውሩ ትንሽ ፈንጠር ብለውና ውኃው ሲረጋጋ እየመረጡ ማለፍ ቀጠሉ። ትልቅ ጉዳት አልታየም ተባለ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ፤ እኔም ሳነብ ሁለት ጊዜ ነው የተመለስኩበት። ሲል በቀረበ ቁጥር ተርባይኑ ከቆመ፣ የሚዞር መዘውር ሲልን ይመታል ወይስ ሲሉ ራሱ ይሸሻል የሚለውን ማወቅ አይቻልም። እንስሳውን የጠበቀው ሕግ ዕውቀቱንም አብሮ ዘጋው። ሕጉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ እኔ ብሆን ያንኑ እወስን ነበር። ነገር ግን "ጉዳት አልታየም" እና "ጉዳት የለም" ሁለት የተለያዩ አባባሎች መሆናቸውን ከዚህ ተማርኩ። ሲጄን ሙሉ በሙሉ ከባሕሩ የተነሣው በ2019 ነው። በስኮትላንድ ሜይጄን በተባለው ቦታ የተተከሉት አራት ተርባይኖች የቀረውን ጥያቄ ለመመለስ ረድተዋል፤ ተመራማሪዎች በዚያ የባሕር እንስሳት ተርባይኑ ሲዞር ምን እንደሚያደርጉ በመሣሪያ ይከታተላሉ።

አሁን ወደ ያፎ ልመለስ። በያፎ በውኃ ውስጥ የሚዞር መዘውር የለም፤ ተንሳፋፊው ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈትልም። ጄኔሬተሩ ምድር ላይ ስለሆነ በባሕር ወለል የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድም የለም። (በባሕር ወለል የሚሄድ ገመድ በዙሪያው መግነጢሳዊ ኃይል ይፈጥራል፤ ሻርክና መሰሎቹ ይህን ስለሚሰማቸው በሌሎች አገሮች አንዱ የምርመራ ነጥብ ነው።) ፈሳሹ ቢፈስስ እንዳይጎዳ በተፈጥሮ የሚበሰብስ ዓይነት እንደሚጠቀም ድርጅቱ ይናገራል። ቢሆንም የቧንቧ መፍሰስ ከሚመረመሩት ነገሮች አንዱ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የጨው ውኃ ብረት ይበላል።

ዋናው ነገር ግን አሸዋው ነው። ይህን ክፍል ለሽማግሌዎቻችን ብዬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በእስራኤል ባሕር ዳር ያለው አሸዋ አብዛኛው የመጣው ከዓባይ ወንዝ ነው። ዓባይ ወደ ሜዲትራኒያን ያፈሰሰውን አሸዋ ማዕበሉና የባሕሩ ጅረት በሲና ዳርቻ በኩል እየገፉ እስከ ሐይፋ ወሽመጥ ያደርሱታል። የዓባይ ደለል ደግሞ አብዛኛው የሚመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ በዓባይና በተከዜ በኩል። የጎንደርና የሰሜን ተራራ ዝናብ የጠረገው አፈር ከእኛ ቤተ ሰቦች ቀድሞ እዚህ አገር ደርሷል ማለት ነው! አያቴ ይህን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ፤ ለጎረቤትም ነገሩ።

በ1970 የአስዋን ትልቁ ግድብ ሲያልቅ ይህ ደለል ግብፅ ውስጥ ቀረ። ወደኛ የሚመጣው አሸዋ እየሳሳ ሲሄድ፣ በባሕር ዳሩ የተሠሩት የወደብና የመዝናኛ ግንቦች ደግሞ ያለውን በደቡብ በኩላቸው እያጠመዱ ያስቀሩታል፤ በሰሜን በኩል ያለው ባሕር ዳር ይበላል። በአንዳንድ ቦታ ገደሉ እየተናደ ለቤቶች አስጊ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ አገር ባሕር ላይ የሚሠራ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው "አሸዋውን ታቆማለህ ወይ?" ተብሎ ነው። የያፎው መሣሪያ የሚመሰገነውም እዚህ ላይ ነው። አዲስ ግንብ አልሠራም፤ ድሮ በተሠራ ግንብ ላይ ነው የተሰቀለው። የግንቡ ጉዳት ቀድሞ የተከፈለ ዕዳ ነው። ተንሳፋፊው የሚወስደው ጉልበትም ማዕበሉ ያለዚያ ከድንጋዩ ጋር ተላትሞ አረፋ ሆኖ ይቀር የነበረውን ነው። የአያቴ የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ ይህ ይመስለኛል፦ በዚያ ቦታ ውኃው ጉልበቱን ሊያጣ የመጣበት ግንብ ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በግንቡ ሥር ባሉት ድንጋዮች መካከል አሣ ይኖራል፤ አልጌና ቀንድ አውጣ ይጣበቃል፤ ለነሱ የማዕበሉ መላተም አየርና ምግብ ያመጣል። አሥር ተንሳፋፊ ብዙ የሚቀይር አይመስለኝም። መቶ ቢሆንስ? የግንቡን ርዝመት ሁሉ ቢይዝስ? ከአሥሩ ተነሥቶ ስለ ሺሁ መፍረድ አይቻልም፤ አንድ ፍየል ያልጎዳው ግጦሽ መንጋ ሲገባበት ምን እንደሚሆን እረኛ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ያፎ ደግሞ የአሣ አጥማጆች ወደብ ነው። ግንቡ ላይ ቆመው በዘንግ የሚያጠምዱ ሰዎችን ቦታ መንካቱም ከተጽዕኖው ይቆጠራል፤ አካባቢ ማለት አሣ ብቻ አይደለም፤ ሰውም አለበት።

ስለ በፊቱ መለካት ስጽፍ የአያቴ ወንድም ስለ ጭስ ዓባይ የሚነግሩን ትዝ አለኝ። እሳቸው በወጣትነታቸው ባሕር ዳር ከተማ በግንበኝነት ሠርተዋል። ጢስ እሳት ፏፏቴ ከሩቅ ድምፁ ይሰማ እንደነበር፣ ጭጋጉ ልብስ ያረጥብ እንደነበር ይናገራሉ። እዚህ ከመጡ ከብዙ ዓመት በኋላ ለጉብኝት ተመልሰው ሲያዩት በገደሉ ላይ የቀረው ቀጭን ውኃ ነበር። "ያለቀሰ ሰው ዓይን መሰለ" ነው ያሉት። ምን ሆኖ ነው? በፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የጭስ ዓባይ ማመንጫ በ1964 ተከፈተ፤ ትንሽ ስለነበረ ከውኃው ብዙም አልወሰደም። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ጨረጨራ የተባለው መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ2001 ደግሞ ከ70 ሜጋዋት በላይ አቅም ያለው ሁለተኛው ጭስ ዓባይ ሥራ ጀመረ፤ በፏፏቴው ይወርድ የነበረው ውኃ አብዛኛው ወደ ተርባይኑ ዞረ። በ2003 ድርቅም ተጨምሮበት የጣና ውኃ በጣም ስለወረደ ጀልባዎች መንቀሳቀስ ተቸግረው ነበር። በ2010 የጣና በለስ ማመንጫ በ460 ሜጋዋት አቅም ሲከፈት፣ ውኃው ከሐይቁ በሌላ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መሄድ ጀመረ።

መብራቱ አላስፈለገም ለማለት አልደፍርም፤ በኩራዝ ያጠኑት እናቴ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ኢትዮጵያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሕግን፣ አዋጅ ቁጥር 299ን፣ ያወጣችው በ2002 ነው፤ ሁለተኛው ጭስ ዓባይ ሥራ ከጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ። በጣና ደግሞ በሌላ በየትም የማይገኙ ባርበስ የተባሉ አሣዎች አሥራ አምስት ያህል ዓይነት አሉ፤ አንዳንዶቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። የውኃው ልክና ጊዜ ሲለወጥ እነዚህ ምን ይሆናሉ የሚለውን ለመመለስ የድሮውን ማወቅ ያስፈልጋል። የተጻፈው መዝገብ በማይበቃበት ቦታ የቀረው ያዩ ሰዎች ትዝታ ነው። የሌሎች አገሮች ገምጋሚዎችም ሽማግሌ አሣ አጥማጆችን ቁጭ ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሳቸውም ከመሣሪያው ልኬት ጎን ይጻፋል።

በዚህ አገር ግምገማው በዕብራይስጥ ታስኪር ይባላል፤ ደንቡ መጀመሪያ የወጣው በ1982 ነው። ባሕርን ብቻ አይመለከትም፤ መንገድ፣ ፋብሪካ፣ ማመንጫ ሲታሰብም ይጠየቃል። ወላጆቻችን ሊያውቁት የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ አንድ የግንባታ ዕቅድ ለሕዝብ ሲቀርብ የሚነካው ሰው ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ወር ነው። ማስታወቂያው የሚወጣው በዕብራይስጥና በዓረብኛ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ወላጆቻችን ሳያዩት ያልፋል። ልጆቻችሁን አንብቡልን በሉን፤ እናነባለን።

አያቴ ይህን ጽሑፍ ሳነብላቸው ጨረስሽ ወይ ብለው ጠየቁኝና፣ የተወለዱበት ደምቢያ ውስጥ የመገጭ ወንዝ ሲሞላ አሣ ወደ ላይ የሚወጣበትን ወር ነገሩኝ፤ ነሐሴ ነው አሉ፤ ልጆች በቅርጫት ይይዙት ነበር። በደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ክፍላችን እንዲህ ያለውን መሰብሰብ ጀምሯል። በጣና ዳር፣ በመገጭ፣ በጉማራ ወይም በዓባይ አጠገብ የኖራችሁ ሁሉ፣ ውኃው በየትኛው ወር የት ድረስ ይደርስ እንደነበር፣ ምን ዓይነት አሣ ይያዝ እንደነበር፣ ጢስ እሳትን ያያችሁትም በየትኛው ዓመት እንዳያችሁት ልትነግሩን ፈቃደኛ ብትሆኑ፣ በትምህርት ቤታችን ለቅርስ ክፍል መምህራችን መልእክት ተዉልን። ወደ ቤታችሁ መጥተን እንጽፋለን።